የሰንሰል አጥራችን እስስት

የእህቴ ልጅ ዴንቨር ነው የሚኖረው። ባለፈው ክረምት በቪዲዮ እየተያየን ስናወራ መዳፉ ላይ ያስቀመጣትን እንሽላሊት አሳየን፤ መልኳ ቢጫ፣ ሰውነቷ በጥቁር ነጠብጣብ የተሞላ፣ ጅራቷ ወፍራም። ሌፐርድ ጌኮ ትባላለች። ነጠብጣቧ የነብር ቆዳ ስለሚመስል ነው ስሙ የወጣላት። እናቴ ከጎኔ ሆና ስታያት፣ "በስመ አብ! ኧረ ጣላት ልጄ!" አለች። ልጁ ስቆ፣ "አክስቴ፣ ለገና ስመጣ ከአጥራችሁ አንድ እስስት ይዤ ነው የምመለሰው" አለኝ።

ቁርጥ ያለ መልስ አልሰጠሁትም። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ነገሩ ከሐሳቤ አልወጣ አለ።

የምንኖረው አዲስ አበባ፣ ወሰን ሰፈር፣ ከዋናው መንገድ ወደ የካ ተራራ ከፍ ብሎ ነው። ጎረቤቶቻችን አንድ በአንድ ወደ ብሎኬትና ወደ ቆርቆሮ ሲዞሩ የእኛ አጥር ሰንሰል ሆኖ ቀርቷል፤ መሃል መሃሉን ግራዋ ገብቶበታል። እስስቶቹም እዚያው ናቸው። ቀን በአጠገባቸው አሥር ጊዜ አልፋለሁ፣ አንዷንም አላይ። የእጅ ባትሪ ይዤ ማታ ስወጣ ግን ቅጠሉ መሃል የነጣች ነገር ታበራለች። እስስት ስትተኛ መልኳ ይገረጣል፤ ለዚህ ነው ሊያያት የሚፈልግ ሰው በጨለማ መውጣት ያለበት።

ይህቺ የአዲስ አበባ እስስት የኢትዮጵያ ደጋ ልጅ ናት። አፊኒስ የሚለውን ሳይንሳዊ ስሟን እ.ኤ.አ. በ1845 ያወጣላት በ1830ዎቹ መጀመሪያ ሰሜኑን የአገራችን ክፍል ዞሮ፣ ጎንደርም ቆይቶ የተመለሰው ጀርመናዊው ተጓዥ ኤድዋርድ ሩፔል ነው። ቃሉ በላቲን "ተዛማጅ" ማለት ነው። እንደ አንዳንድ ዘመዶቿ ግንባሯ ላይ ቀንድ የላትም፤ ከነጅራቷ ብትለካም ከስንዝር ብዙ አታልፍም። ስለ አገራችን እስስቶች የሚታወቀው ተሟጦ ያለቀ እንዳይመስላችሁ፦ በባሌ ተራሮች ሰሜናዊ ተዳፋት የምትኖር አንዲት ዘመዷ አዲስ ዝርያ ተብላ የተመዘገበችው ገና እ.ኤ.አ. በ2021 ነው።

እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ ብርዱን መቻሏ ነው። የወሰንን የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ከእንጦጦ የሚወርደው ውርጭ ጋቢ ያስደርባል። እስስት ደግሞ የራሷ ሙቀት የላትም፤ የምትሞቀው ፀሐይ ስትሞቅ ብቻ ነው። ጠዋት ምሥራቅ ወደሚያየው የአጥሩ ጎን ትወጣና መልኳን አጥቁራ፣ ጎኗን ጠፍጠፍ አድርጋ ለፀሐይ ትሰጣለች። ጥቁር ነገር ሙቀት ይስባልና። ገና ሳትሞቅ እንኳ ዝንብ ካገኘች አትምርም። ሌላው እንሽላሊት በብርድ ጡንቻው ሲተሳሰር እሷ እንዴት ታድናለች? መልሱ ምላሷ ላይ ነው። ጡንቻው ምላሷን የሚወረውረው በቀጥታ አይደለም፤ መጀመሪያ ውስጥ ያለውን የሚለጠጥ ሽፋን እንደ ወንጭፍ ላስቲክ ይወጥረዋል፣ ምላሷን የሚያስፈነጥረው የተወጠረው ላስቲክ ነው። ላስቲክ ደግሞ እንደ ጡንቻ በብርድ አይዝልም። ክሪስቶፈር አንደርሰንና ስቲቨን ደባን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2010 የየመንን እስስት ፈትነው ይህንኑ አሳይተዋል፤ ሙቀቱ ከ25 ወደ 15 ዲግሪ ሲወርድ የመወርወር አቅሟ የቀነሰው ከ20 በመቶ ባነሰ ነው። በተራ ጡንቻ የሚሠራው ምላስ የመሰብሰብ አቅም ግን ከ40 በመቶ በላይ ወርዷል። የእኛዋም በማለዳ ዝንቧን በፍጥነት መትታ ምላሷን ቀስ እያለች ስትስብ አይቻለሁ፤ ምክንያቱን የተረዳሁት ይህን ካነበብኩ በኋላ ነው።

ዓይኖቿ ለየብቻ ይዞራሉ፤ አንዱ እኔን ሲያይ ሌላው ቅጠል ላይ ያለውን ትል ያያል። ልትወረውር ስትል ሁለቱንም ወደፊት ታመጣና ርቀቱን በዓይኗ ሌንስ ትለካለች። የምላሷ ጫፍ ዝልግልግ ፈሳሽም ከሰው ምራቅ 400 ጊዜ ያህል የወፈረ መሆኑ በሌሎች እስስቶች ተለክቷል።

አሁን ወደ ስሟ ልምጣ፤ በአማርኛችን በጣም ተበድላለችና። አቋሙን የሚለዋውጥ፣ የልቡን የሚደብቅ ሰው ሲያጋጥመን እስስት እንለዋለን። በልጅነታችን ቀይ ጨርቅ ላይ አስቀምጠን ቀይ እስክትሆን እንጠብቅ ነበር፤ ቀይ ሳትሆን ትጠቁርብን ነበር። ስትጠቁር ፈርታ መሆኑን የነገረን አልነበረም። የምትቀመጥበትን አትመስልም፤ መልኳ የሚለወጠው በስሜቷና በሙቀቷ ነው። የጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2015 በማዳጋስካር እስስት ላይ እንዳሳዩት ቆዳዋ ሥር እጅግ ደቃቅ ክሪስታሎች ተደርድረው አሉ። እስስቱ ሲረጋጋ ክሪስታሎቹ ይጠጋጉና ሰማያዊ ብርሃን ይመልሳሉ፤ በላያቸው ካለው ቢጫ ቀለም ጋር ተደምሮ አረንጓዴ ይሆናል። ወንዱ ተቀናቃኝ ሲያይ ክሪስታሎቹ ይራራቃሉ፣ ቆዳውም ወደ ቢጫና ወደ ቀይ ይሄዳል። እንግዲህ ይህ ፍጥረት ቢፈራ ፍርሃቱን፣ ቢቆጣ ቁጣውን ቆዳው ላይ ጽፎ የሚዞር ነው። ለአስመሳይ ሰው ስሟን ማዋሳችን ያሳዝነኛል። መርዝም የላትም፤ እናቴ ይህን እስከዛሬ አላመነችኝም።

ሌላም አላት፦ ትወልዳለች። የቆላ እስስቶች እንቁላላቸውን ሞቃት አፈር ውስጥ ይቀብራሉ፤ በደጋው አፈር ግን እንቁላል ይበርደዋል። ስለዚህ የእኛዋ ልጆቿን በሆዷ ይዛ ራሷ ፀሐይ እየሞቀች ታሞቃቸዋለች።

ወደ ልጁ ጥያቄ ልመለስ። የእሱ ጌኮ ለቤት የምትመች ናት፤ ይህን አልክድም። ብዙ ትውልድ በሰው እጅ ስትረባ የኖረች፣ የሰው መዳፍ የማይጨንቃት እንስሳ ናት። የመስታወት ሳጥኗ አንድ ጎን ከሥር 32 ዲግሪ ያህል ይሞቅላታል፣ ሌላው ቀዝቀዝ ይላል፤ እሷ እያማረጠች ትኖራለች። መደበቂያ አላት፣ ውኃ በሳህን ትጠጣለች፣ ካልሲየም የተነሰነሰበት ፌንጣ ትበላለች። ስብ የምታጠራቅመው ጅራቷ ላይ ስለሆነ ጤንነቷን ከጅራቷ ውፍረት ማየት ይቻላል። ሰው ከተንከባከባት ከ15 እስከ 20 ዓመት ትኖራለች። ልጁም ይንከባከባታል፤ ፌንጣዎቹን ሳይቀር አትክልት ያበላቸዋል።

እስስት ግን ሌላ ናት። ሳህን ሙሉ ውኃ ፊቷ ቢቀመጥ በውኃ ጥም ልትሞት ትችላለች፤ የምትጠጣው ቅጠል ላይ ያለ ጠብታ እየላሰች ነው። አየር የማይገባበት መስታወት ያሳምማታል። ፀሐይ በሌለበት ልዩ የአልትራቫዮሌት መብራት ካልበራላት አጥንቷ ይለሰልሳል። ብቸኝነት ትወዳለች። በእጅ ስትያዝ የምትጠቁረው ጨንቋት ነው፤ እያደር ለመደችን የምንል ሰዎች ብዙውን ጊዜ የምናየው ተስፋ መቁረጧን ነው።

ሕጉም አለ። የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ የዱር እንስሳን ያለ ፈቃድ መያዝን ይከለክላል። ድንበር ሲሻገር ደግሞ የእስስት ንግድ ሳይተስ በሚባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት ቁጥጥር ሥር ነው፤ ኢትዮጵያም ከ1989 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አባል ናት።

ልጁ ለገና መጣ። በሁለተኛው ማታ ባትሪ ይዘን ወጣን፤ እናቴ ከበረንዳው ላይ ሆና "እንዳትነኳት!" ትላለች። ሰንሰሉን ከበሩ ጀምረን በዝግታ አየን። አራት አገኘን፤ ሦስቱ ትልልቅ፣ አንዷ ከጣቴ የማትበልጥ፣ ጅራቷን እንደ ሰዓት ሞላ ጠቅልላ የተኛች። ልጁ እጁን ኪሱ ውስጥ ከትቶ ለረጅም ጊዜ ቆሞ አያት። ከዚያ የጎረቤትን የብሎኬት ግድግዳ በባትሪው ቃኘና፣ "አክስቴ፣ እዚያኛው ቤት የነበሩት የት ሄዱ?" አለኝ።

በማግስቱ ከሰንሰሉ ቅርንጫፍ ቆርጠን አጥሩ የሳሳበት ቦታ ላይ ተከልን። ሰንሰል እንዲሁ ተቆርጦ ቢተከል ይጸድቃል። እስከ ክረምት ድረስ ውኃ የማጠጣው እኔ ነኝ።