120 ሰዓት እና 6 ሰዓት

እንግሊዝኛን ውጭ አገር ሄዶ ማስተማር የሚፈልግ መምህር መረጃ ማሰባሰብ ሲጀምር ደጋግሞ የሚያጋጥመው ቁጥር 120 ነው። «የ120 ሰዓት የቴፍል ሥልጠና፣ ቤትዎ ሆነው፣ በትንሽ ዋጋ» የሚሉ ማስታወቂያዎች ስልኩን ያጨናንቁታል፤ ቴፍል ማለት እንግሊዝኛን እንደ ውጭ ቋንቋ ማስተማር ነው። ይከፍላል፣ ቪዲዮ ያያል፣ የምርጫ ጥያቄዎች ይመልሳል፣ ብዙም ሳይቆይ ማኅተም ያረፈበት ምስክር ወረቀት በኢሜይል ይደርሰዋል። ከዚያ ወረቀቱን አያይዞ ለደርዘን ትምህርት ቤቶች ያመለክታል፤ መልስ የለም። በዚህ መንገድ ገንዘባቸውንም ተስፋቸውንም የጨረሱ ጎበዝ መምህራን ስላሉ፣ ቁጥሩ ከየት እንደመጣና ሲቸረቸር ምን እንደጎደለበት ረጋ ብሎ ማየት ይጠቅማል።

እ.ኤ.አ. በ1953 ጆን ሄይክራፍት የተባለ እንግሊዛዊ ከባለቤቱ ከብሪታ ጋር በስፔኗ ኮርዶባ ከተማ የቋንቋ ትምህርት ቤት ከፈተ። ሥራቸውን ወደ ለንደን ካሰፉ በኋላ በ1962 ለጀማሪ መምህራን አጭርና ተግባር ላይ ያተኮረ ሥልጠና መስጠት ጀመሩ። ቋንቋ መናገርና ቋንቋ ማስተማር ለየቅል መሆናቸውን የተቀበለ ሥልጠና ነበር። ዛሬ በካምብሪጅ ሥር የሚሰጠውና ሴልታ በሚል ስም የሚታወቀው ማስረጃ ከዚያ የተወለደ ነው።

ሴልታ ቢያንስ 120 ሰዓት ይፈጃል። ከዚህ ውስጥ 6 ሰዓቱ ሠልጣኙ እውነተኛ ተማሪዎችን፣ ቢያንስ በሁለት የችሎታ ደረጃ፣ እያስተማረ የሚገመገምበት ነው። ሌላ 6 ሰዓት ልምድ ያላቸው መምህራን ሲያስተምሩ ይመለከታል፤ አራት ጽሑፎችም ሠርቶ ያስረክባል። የለንደኑ ትሪኒቲ ኮሌጅ የሚሰጠው አቻ ማስረጃ ቢያንስ 130 ሰዓት ሲሆን የተግባር ማስተማሩ እዚያም ያው 6 ሰዓት ነው። ርካሹ የኢንተርኔት ሥልጠና 120ውን ይዞ 6ቱን ጣለ። ሥራውን የሚያውቅ ቀጣሪ የሚፈልገው ግን በተለይ 6ቱን ነው።

በእነዚያ ሰዓታት ምን እንደሚሆን አንድ ክፍል ገብተን እንመልከት። ሠልጣኟ አሥር ያህል ጎልማሶች ፊት ቆማለች፤ አሠልጣኟ ከኋላ ተቀምጣ የሆነውን ሁሉ እየተከታተለች ትጽፋለች። ሠልጣኟ ሥዕል ያለበት ወረቀት ታድልና «ሁለት ሁለት ሁኑ፤ አንደኛችሁ ሥዕሉን ሳታሳዩ በቃል ትገልጻላችሁ፣ ሌላችሁ ሰምታችሁ ትሥላላችሁ። ገባችሁ?» ትላለች። «የስ፣ ቲቸር!» ይላሉ በአንድ ድምፅ። ሥራው ሲጀመር ግማሾቹ ሥዕሉን ለጓደኛቸው ገልጠው ያሳያሉ፤ ሁለቱ ምን እንደሚደረግ ሳያውቁ ዝም ብለው ይቀመጣሉ። ክፍሉ ካለቀ በኋላ አሠልጣኟ የምትጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፦ «መግባቱን በምን አወቅሽ?»

በሚቀጥለው ጊዜ ሠልጣኟ ወረቀቱን በእጇ እንደያዘች ትቆያለች። መመሪያውን በሦስት አጫጭር ዐረፍተ ነገሮች ትሰጣለች፣ ከአንድ ተማሪ ጋር ሠርታ ታሳያለች፣ ከዚያ አንዱን መርጣ «ሥዕሉን ለጓደኛህ ታሳየዋለህ?» ትለዋለች። «አላሳየውም።» «እሱስ ምን ያደርጋል?» «ሰምቶ ይሥላል።» ወረቀቱ የሚታደለው አሁን ነው። ለውጡ ትንሽ ይመስላል፤ ግን ቀድሞ ለማስተካከል ይባክን የነበረው ጊዜ ተማሪዎቹ እንግሊዝኛ ወደሚናገሩበት ጊዜ ዞረ።

«ገባችሁ?» የሚለው ጥያቄና በኅብረት የሚመጣው «አዎ!» በእኛ ክፍሎች ሥር የሰደደ ልማድ ነው፤ ሁላችንም ያለፍንበት ነው። ልማዱ እንደማይጠቅም ከመጽሐፍ ማንበብ ቀላል ነው። ለመተው ግን ሌላ ሰው ማየት አለበት፣ ያየውን መንገር አለበት፣ ከዚያም እንደገና ለመሞከር ዕድል መኖር አለበት። የቪዲዮ ትምህርት ይህን ሊሰጥ አይችልም፤ ብቃትን የማሻሻል ሥራ ግን እዚህ ላይ ነው ያለው።

ዋጋው ከባድ መሆኑን አልክድም። ሴልታ በአብዛኛው ከ1,000 ዶላር በላይ ያስከፍላል፤ በኢትዮጵያ የመምህር ደመወዝ ይህ ትልቅ ገንዘብ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2020 ወዲህ ግን ሙሉ በሙሉ በኢንተርኔት፣ ማስተማሩም ጭምር በስክሪን ፊት በእውነተኛ ተማሪዎች ላይ ሆኖ መውሰድ ይቻላል፤ የአውሮፕላን ትኬቱና የማረፊያ ወጪው ቀርቷል። ከመግባት በፊት የቋንቋ ፈተናና ቃለ መጠይቅ አለ፤ ሰዋስውን በደመ ነፍስ የሚያውቅና ማስረዳት የማይችል ሰው እዚያ ላይ ይወድቃል። የእኛ መምህራን እዚህ ፈተና ላይ ብዙ ጊዜ የተሻሉ ናቸው፤ ሰዋስውን ሕግ በሕግ ተምረውታልና።

ገንዘቡ እስኪገኝ እጅን አጣጥፎ መቀመጥ አያስፈልግም። ካምብሪጅ ቲኬቲ የሚል ፈተና አለው፤ ሦስት ዋና ዋና ክፍሎች ያሉት ሲሆን እያንዳንዱ 80 ጥያቄ በ80 ደቂቃ ነው። የመግቢያ መስፈርት የለውም፣ ክፍሎቹን ለየብቻ መፈተን ይቻላል፣ መውደቅ የሚባል ነገርም የለም፤ ውጤቱ በአራት ደረጃ ይሰጣል። የማስተማር ዕውቀትን እንጂ ማስተማርን አያሳይም። ማስተማሩን ለማሳየት መምህሩ ራሱ መንገድ መፍጠር አለበት፦ አንድ ባልደረባን በወር ሁለት ጊዜ ከኋላ አስቀምጦ ማን ስንት ደቂቃ እንደተናገረ ማስቆጠር፣ በስልክ ራስን ቀርጾ መልሶ ማየት፣ ከእያንዳንዱ ዕቅድ ጋር ምን እንደሠራና ምን እንዳልሠራ መጻፍ። ይህ ሁሉ ወጪ የለውም፤ ተጠራቅሞም ቀጣሪ ፊት የሚቀርብ ማስረጃ ይሆናል።

አሁን ወደ አስቸጋሪው ነገር እንምጣ። ብቃት ብቻውን የማይከፍታቸው በሮች አሉ፤ እነሱን ለይቶ ሳያውቁ ለሥልጠና መክፈል ኪሳራ ነው። ደቡብ ኮሪያ ለእንግሊዝኛ መምህራን የምትሰጠው ኢ-2 የተባለ ቪዛ በመርህ ደረጃ ለሰባት አገሮች ዜጎች ነው፦ ለአሜሪካ፣ ለእንግሊዝ፣ ለካናዳ፣ ለአየርላንድ፣ ለአውስትራሊያ፣ ለኒውዚላንድና ለደቡብ አፍሪካ። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው አሥር ምስክር ወረቀት ቢደረድር ለዚያ ቪዛ አይበቃም። በዚያው አገር ለመንግሥት ትምህርት ቤቶች መምህራንን የሚመለምለው ኤፒክ የተባለው ፕሮግራም ከዜግነቱ በተጨማሪ ከ7ኛ ክፍል ጀምሮ በእነዚያ አገሮች መማርንና ቢያንስ 10 ዓመት መኖርን ይጠይቃል። ይህ አሜሪካና ካናዳ ያሉ ልጆቻችንን በቀጥታ ይመለከታል፤ በሕፃንነቱ የሄደው ያልፋል፣ 11ኛ ክፍል ላይ ደርሶ የሄደው ግን ዜግነት ቢያገኝም መስፈርቱን ሳያሟላ ሊቀር ይችላል።

የቻይና ደንብ የውጭ ቋንቋ መምህር በመርህ ደረጃ የአገሩን አፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲያስተምር፣ ዲግሪና የሁለት ዓመት ልምድ እንዲኖረው ይላል። በትምህርት ወይም በቋንቋ የተመረቀ ወይም ዓለም አቀፍ የቋንቋ ማስተማር ምስክር ወረቀት ያለው ሰው ከልምዱ መስፈርት ነፃ ይሆናል፤ ከቋንቋው መስፈርት ግን አይደለም። በቱሪስት ቪዛ ገብቶ ማስተማር እዚያ ሕገ ወጥ ነው፤ ቅጣት፣ እስርና መባረር ያመጣል። «ግባ እንጂ ሌላው እዚያ ይስተካከላል» የሚል ደላላ ሲገኝ መልሱ እምቢታ መሆን አለበት።

ጃፓን ሌላ መለኪያ አላት። በትምህርት ቤት የውጭ ቋንቋ የሚያስተምር ሰው በዚያ ቋንቋ ቢያንስ 12 ዓመት የተማረ መሆኑን እንዲያስረዳ ትጠይቃለች። የእኛ አገር ተማሪ እንደየክልሉ ከ7ኛ ወይም ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ በእንግሊዝኛ ይማራል፤ ከ9ኛ የጀመረው ከነመጀመሪያ ዲግሪው 8 ዓመት ያህል ብቻ ነው የሚኖረው። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ በእንግሊዝኛ በሚያስተምር ትምህርት ቤት ያለፈ ሰው ግን 12ቱን ዓመት ከትምህርት ቤቱ በሚያወጣው ደብዳቤ ማስረዳት ይችላል። እዚህ ላይ አንድ ደብዳቤ ከአንድ ኮርስ ይበልጣል።

አፍ መፍቻው እንግሊዝኛ የሆነ ሰው ይመረጣል የሚለው እምነት ከትምህርት ጥናት የተገኘ እውነት አይደለም። የቋንቋ ምሁሩ ሮበርት ፊሊፕሰን እ.ኤ.አ. በ1992 ባሳተመው መጽሐፍ የዚህን እምነት ሥር ሲፈልግ የደረሰው በ1961 በኡጋንዳ ማኬሬሬ በተደረገ የኮመንዌልዝ ጉባኤ ላይ ነው። አፍሪካ ነፃ በምትወጣበት ሰሞን፣ በአፍሪካ ምድር፣ ጥሩ የእንግሊዝኛ መምህር አፉን በእንግሊዝኛ የፈታው ነው የሚለው ሐሳብ ሙያውን ከሚመሩት መርሆች አንዱ ሆነ። ፊሊፕሰን መሠረተ ቢስ መሆኑን አሳየ። ቴሶል የተባለው ዓለም አቀፍ የመምህራን ማኅበርም ይህን አድልዎ በ1992ና በ2006 ባወጣቸው መግለጫዎች ተቃውሟል። የቪዛ ሕጎች ግን የመምህራንን ማኅበር አይሰሙም። ይህ ኢፍትሐዊ ነው፤ ኢፍትሐዊነቱን እያወቁ የተከፈተውን በር መፈለግ ደግሞ ግድ ነው።

ሃንጋሪያዊው የቋንቋ ማስተማር ምሁር ፒተር ሜድየሽ በ1994 እንደጻፈው፣ እንግሊዝኛን ተምሮ ያወቀ መምህር ተማሪው የት ላይ እንደሚሰናከል አስቀድሞ ያውቃል፣ የመማሪያ ዘዴዎችንም ከራሱ ልምድ ያስተምራል። የትሪኒቲው ሥልጠና ይህን ስለሚያውቅ ሠልጣኞቹን ሁሉ ሰምተውት የማያውቁትን ቋንቋ ለአራት ሰዓት ያህል ያስተምራቸዋል፤ ተማሪ መሆን ምን እንደሚመስል እንዲቀምሱት። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እንግሊዝኛን እንደ አንድ ትምህርት ተምሮ ያደገ ኢትዮጵያዊ መምህር ያንን ኖሮበታል። በማመልከቻውና በቃለ መጠይቁ ላይ እንደ ጉድለት ከመሸፈን ይልቅ፣ ሁለት ሦስት ተጨባጭ ምሳሌ ይዞ እንደ ሙያ ሀብት ሊያቀርበው ይገባል።

የተከፈቱት በሮች የት ናቸው? የባሕረ ሰላጤው አገሮች ዩኒቨርሲቲዎች በመሰናዶ ክፍሎቻቸው ለሚያስተምሩ ሰዎች ብዙውን ጊዜ በእንግሊዝኛ ማስተማር ወይም በተግባራዊ ሥነ ልሳን የማስተርስ ዲግሪና የተወሰነ ዓመት ልምድ ይጠይቃሉ፤ ሴልታ ተጨማሪ ሚዛን አለው። አፍ መፍቻን የሚጠይቁ ማስታወቂያዎች እዚያም ሞልተዋል፣ የማይጠይቁትም አሉ። ቅርባችን ያለችው ሩዋንዳ እ.ኤ.አ. በ2008 የትምህርት ቋንቋዋን ከፈረንሳይኛ ወደ እንግሊዝኛ ስትቀይር የመምህር ፍላጎቷ ናረ፤ በ2022 ከዚምባብዌ 154 መምህራንን በሁለቱ መንግሥታት ስምምነት ወስዳለች። ከእኛ ሰው መካከል ወደ አፍሪካ አገሮች የሚያይ መምህር ብዙም አልሰማም፤ በእኔ ግምት ግን ከሩቅ ምሥራቅ ይልቅ መጀመሪያ ሊታይ የሚገባው ይህ ነው።

ማስተርሱን በተመለከተ፣ ስሙን ሁላችን ከመዝገበ ቃላቱ የምናውቀው ሆርንቢ እ.ኤ.አ. በ1961 ያቋቋመው ድርጅት በማደግ ላይ ካሉ አገሮች ለሚመጡ የእንግሊዝኛ መምህራን በእንግሊዝ አገር ዋሪክ ዩኒቨርሲቲ እንዲማሩ ድጋፍ ሲሰጥ ቆይቷል። እንዲህ ላለ ዕድል የሚያመለክት ሰው 60ና 70 ተማሪ ባለበት ክፍል እንዴት እንደሚያስተምር ቢጽፍ፣ ከብዙ አገር የሚመጡ አመልካቾች ሊጽፉት የማይችሉትን ጻፈ ማለት ነው። ለተማሪዎቹ መጽሐፍ ሳይዳረስ፣ በሰሌዳና በጠመኔ ብቻ፣ ሁሉም የሚናገሩበትን ሥራ እንዴት እንዳዘጋጀ ደረጃ በደረጃ ያሳይ።

የሰነዱ ሥራ አሰልቺ ቢሆንም አጭር ነው። ዲግሪው በትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ተረጋግጦ፣ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ታይቶ፣ በመጨረሻ ወደ ሚኬድበት አገር ኤምባሲ ይቀርባል። የሥራ ልምድ ደብዳቤ የክፍል ደረጃውን፣ የሳምንቱን ክፍለ ጊዜ ብዛትና የተጀመረበትን ቀን መግለጽ አለበት፤ «በመልካም ሥነ ምግባር አገልግለዋል» የሚለው ብቻውን ለውጭ ቀጣሪ ምንም አይነግርም። አይልትስ የተባለው የእንግሊዝኛ ፈተና ውጤት አብዛኛውን ጊዜ የሚታየው ለሁለት ዓመት ብቻ ስለሆነ፣ ፈተናው የሚወሰደው መጀመሪያ ላይ አይደለም። ማስረጃው ተሰብስቦ፣ የሚከፈተው በር ተለይቶ፣ ማመልከቻው ሊላክ ሁለት ሦስት ወር ሲቀረው ነው።