ሰንጢን ስለ መያዝና ስለ መሰብሰብ

ሰው ከዕቃው ሁሉ አብልጦ የሚወድደው ዘወትር በእጁ የሚነካውን ነው። ካራ በሰገባው ሆኖ ከቤት ይሰቀላል፤ ቢላዋም በማድ ቤት ይቀመጣል። ሰንጢ ግን ስለቷን በእጀታዋ ውስጥ ሰውራ በኪስ ስለምትቀመጥ፥ ከባለቤቷ ጋራ ውላ ከባለቤቷ ጋራ ታድራለች። ስለዚህ ብዙ ዘመን ሰንጢ የያዘ ሰው ውሎ አድሮ ሌሎች ሰንጢዎችን መመልከትና መሰብሰብ ቢጀምር የሚያስገርም አይደለም። ነገር ግን ይህ ፍቅር ለራሱና ለቤተ ሰቡ የሚጠቅም ትምህርት እንዲሆን፥ ምን እንደሚሰበስብ ማወቅ አለበት።

ከደብረ ታቦር ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ላይ፥ ከባሕር ወለል ከ3000 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የተቀመጠችውን ንፋስ መውጫን እንውሰድ። በዚህ በጋይንት ደጋ የሚኖር ሰው ጧት የጥርስ መፋቂያውን በሰንጢው ይቆርጣል። ቀን የተበጠሰውን ጠፍር ያስተካክላል፤ የዱላውን ጉጥ ይልጋል፤ የጆንያውን ማሰሪያ ይፈታል። ማታም ከልጆቹ ጋራ እሳት ዳር ተቀምጦ የተቀቀለውን ድንች ይልጥባታል። አንዲት ጣት የምታህል ብረት ይህን ሁሉ ታገለግላለች።

ከዚህም የሚበልጥ ሥራ አላት። ጋይንት የቤተ ልሔም አገር ነው። ቤተ ልሔም የቅዱስ ያሬድ ድጓ የሚመሰከርባት ቦታ ስለ ሆነች፥ ከሩቅም ከቅርብም ተማሪዎች ይመጡባታል። የድጓ ተማሪ መጽሐፉን በገዛ እጁ የመጻፉ ልማድ የቆየ ነው። ብርዑን ከመቃ ወይም ከሸምበቆ ይቀርጻል፤ ጫፉን ሰያፍ አድርጎ ይቆርጥና ቀለሙ እንዲወርድበት መካከሉን በጥቂቱ ይሰነጥቃል። የዜማው ምልክት ከፊደሉ በላይ በጥቃቅን የሚጻፍ ስለ ሆነ፥ ብርዑ ቀጭን ካልሆነ ምልክቱ ከምልክት ይደባለቃል። ስለቱ የደነዘዘ እንደ ሆነ መቃው ይሰነጠራል። በብራናው ላይ ስሕተት ሲገኝም በስለት ጫፍ ቀስ ተብሎ ይፋቃል። በእንግሊዝ አገርም ትንሿን ሰንጢ «የብርዕ ቢላዋ» የሚሏት ጸሐፊዎች የላባ ብርዓቸውን ይቀርጹባት ስለ ነበረ ነው። እንግዲህ የጋይንት ተማሪና የእንግሊዝ ጸሐፊ ሳይተዋወቁ በአንድ ዓይነት መሣሪያ ሲሠሩ ኖረዋል ማለት ነው።

ሰንጢ የመሰብሰብ ፍቅር በሰው ልብ የሚገባው በአንድ ቀን አይደለም። የመጀመሪያይቱ ሰንጢ ለሥራ ትገዛለች። ከብዙ መሳል የተነሣ ስለቷ እየሳሳ ሲሄድ፥ ሁለተኛይቱ ለምትክ ትመጣለች። በዚህ ጊዜ ባለቤቱ ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጎ ይመለከታል። ያችኛይቱ ቶሎ ትዝጋለች፤ ነገር ግን በጥቂት መሳል ትሰላለች። ይህችኛይቱ አትዝግም፤ ነገር ግን ድንጋዩን ታደክማለች። «ይህ ስለ ምን ሆነ?» ብሎ በጠየቀ ጊዜ ሦስተኛይቱን መፈለግ ይጀምራል። መሰብሰብ የሚወለደው ከዚህ ጥያቄ ነው። ሳይጠይቅ የሚያከማች ሰው ግን ዕቃ አበዛ እንጂ ሰብሳቢ አልሆነም።

የጠየቀ ሰው ብዙ ያገኛል። የምትታጠፍ ቢላዋ አዲስ ነገር አለመሆኗን ይረዳል። ሐልሽታት በተባለው የኦስትሪያ ቦታ ከክርስቶስ ልደት በፊት በስድስተኛው መቶ ዓመት ገደማ የተሠራች የአጥንት እጀታ ያላት ሰንጢ ተገኝታለች። በእንግሊዝ አገር በካምብሪጅ ከተማ በፊትዝዊልያም ቤተ መዘክር ደግሞ፥ ስለትና ማንኪያ ሹካም ጭምር በአንድነት የሚታጠፉባት የሮማውያን ዘመን መሣሪያ ትገኛለች።

ከዚያ ወዲህ ያሉትን ሠሪዎች ስንመለከት፥ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1884 ዓ.ም ካርል ኤልዜነር የተባለ ሰው በስዊስ አገር በኢባኽ መንደር የቢላዋ መሥሪያ ቤት ከፈተ። በ1891 ዓ.ም ለአገሩ ወታደሮች ሰንጢ አቀረበ፤ በ1897 ዓ.ም ደግሞ ብዙ መሣሪያ የያዘችውን የመኰንኖች ሰንጢ አወጣ። እናቱ በ1909 ዓ.ም በሞተች ጊዜ ቪክቶሪያ የሚለውን ስሟን ለዕቃው ምልክት አደረገው። በ1921 ዓ.ም የማይዝገው ብረት በሥራ ላይ በዋለ ጊዜ፥ የብረቱ ስም «ኢኖክስ» ተጨምሮበት ዛሬ ዓለም የሚያውቀው ቪክቶሪኖክስ የሚለው ስም ወጣ። በፈረንሳይ አገር በሳቯ ደግሞ ዦዜፍ ኦፒኔል በ1890 ዓ.ም የእንጨት እጀታ ያላትን ቀላል ሰንጢ ለገበሬ ሠራ። በ1955 ዓ.ም ስለቱ በድንገት ታጥፎ ጣት እንዳይቆርጥ የሚይዝ የብረት ቀለበት ተጨመረላት። እነዚህ ሁለቱ በዓለም የታወቁት ለነገሥታት ስለ ተሠሩ አይደለም፤ አንዷ የወታደርን፥ አንዷ የገበሬን ችግር ስላቃለለች ነው።

እዚህ ላይ ግን የአገራችን ሰብሳቢ አንድ ነገር ሊዘነጋ አይገባውም። የውጭውን ሠሪ ስም ከነዓመተ ምሕረቱ የሚያውቅ ሰው፥ ማጭዱንና ቢላዋውን የሠራለትን የሰፈሩን ብረት ሠሪ ስም ካላወቀ ዕውቀቱ ጎደሎ ነው። የብረታ ብረት ሥራ ለዚህ አውራጃ እንግዳ አይደለም። አፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት ሠራተኞችን ሰብስበው ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ አሠሩ፤ በ1860 ዓ.ም ያ መድፍ በሰው ጉልበት እየተጎተተ በጋይንትና በጨጨሆ በኩል አልፎ መቅደላ ደረሰ። ይሁን እንጂ በእጁ የሚሠራ ሰው ብዙ ዘመን «ቀጥቃጭ» እየተባለ ሲሰደብ፥ በቡዳነትም ሲታማ ኖሯል። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም ሠራተኛን በሥራው ምክንያት መስደብ እንዲቀር አዋጅ አስነገሩ። አዋጁ ከተነገረ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ሆኖም ማረሻውን ከሠሪው እጅ ተቀብሎ ሠሪውን ከማዕዱ የሚያርቅ ሰው ጨርሶ አልጠፋም። ስለዚህ የውጭ አገር ሰንጢ በሣጥን ሞልቶ፥ የአገሩን ብረት ሠሪ እጅ አንዲት እንኳ ያልያዘ ሰው «የሰው ወርቅ አያደምቅም» የሚለውን ተረት ያስታውስ። ሂዶ ስለቱን ከዓረብ ብረት፥ እጀታውን ከበሬ ቀንድ ወይም ከወይራ ያሠራ፤ ተገቢውን ዋጋ ይክፈል፤ የሠሪውንም ስም በመዝገቡ ይጻፍ።

የቤት እመቤት «አንድ ስለት ለአንድ ሰው አይበቃም ወይ?» ብትል አይፈረድባትም። የልጆች ደብተርና የወሩ እህል ሳይገዛ ሰንጢ የሚገዛ አባት ፍቅሩን ወደ ጥፋት ለውጦታል። ስለዚህ ከቤት ወጪ የተረፈ ገንዘብ ካልሆነ አይነካ፤ የተገዛውም ከባለቤቱ አይደበቅ። እንዲያውም ማድ ቤቱን የሚያገለግሉትን ቢላዋዎች ሁሉ ዘወትር ስሎ የሚያቀርብ ባል፥ ሰንጢዎቹን በሰላም ለማኖር ፈቃድ አያጣም።

አጠባበቁ ቀላል ነው። ሎሚ ወይም ሽንኩርት የቆረጠ ስለት ወዲያው ታጥቦ ይድረቅ። መታጠፊያው ላይ አልፎ አልፎ አንድ ጠብታ ዘይት ይበቃዋል። ቆዳ እርጥበት ስለሚይዝ ሰንጢን ለብዙ ጊዜ በቆዳ ሰገባ ውስጥ ማስቀመጥ ያዝጋታል፤ በደረቅ ጨርቅ መጠቅለል ይሻላል። በሚሳልበትም ጊዜ ስለቱን በለስላሳ ድንጋይ ላይ ጥቂት ጋደል አድርጎ፥ ሁለቱንም ገጽ እኩል መሳብ ነው። በአሮጌ ሰንጢ ላይ የሚታየው ጠቆር ያለ መልክ ሁሉ ጉዳት አይደለምና፥ አንጸባርቃለሁ ብሎ መፈግፈግ ዕድሜዋን መቀነስ ነው።

ብዙ ሰው የተሳለ ስለት አደገኛ፥ የደነዘዘ ግን ደኅና ይመስለዋል። ነገሩ ተቃራኒው ነው። የደነዘዘ ስለት ኃይል ስለሚጠይቅ ያዳልጥና እጅን ይቆርጣል። ልጅም ሰንጢን ተሰውሮ ከሚነካ ይልቅ ከአባቱ ወይም ከእናቱ ፊት ሆኖ ቢማር ይሻላል። የመጀመሪያው ትምህርት ከሰውነት ወደ ውጭ መቁረጥ፥ ሁለተኛው ለሌላ ከመስጠት በፊት ማጠፍ፥ ሦስተኛው ሰንጢን በጠብ ጊዜ ፈጽሞ አለማውጣት ነው። ይህን ሦስተኛውን ያልተማረ ልጅ ምንም ዕድሜው ቢገፋ ሰንጢ ሊይዝ አይገባውም።

ውድ አንባቢ ሆይ! ሰንጢ የምትሰበስብ እንደ ሆነ ለእያንዳንዷ ከማን እንዳገኘሃት፥ ማን እንደ ሠራት፥ ለምን ሥራ እንደዋለች በአንዲት ደብተር ጻፍ። ከብዙዎቹም አንዲቱን ሁልጊዜ በኪስህ ይዘህ ሥራባት። ታሪኳ ያልተጻፈ ሰንጢ ከአንተ በኋላ ለልጆችህ ተራ ብረት ናት፤ የተጻፈላት ግን የሠሪዋንና የያዛትን ሰው ድካም እየመሰከረች ትኖራለች።