ተጨማሪ መረጃ፦ መርፌና ሌዘር ለአንድ ዓይን

በስኳር ሕመም ደም ያጠረው ሬቲና (ብርሃን የሚቀበለው የዓይን ውስጠኛ ሽፋን) ቪኢጂኤፍ የተባለ ፕሮቲን ያመነጫል። በእሱ ግፊት የሚበቅሉት አዳዲስ የደም ሥሮች ስስ ስለሆኑ በቀላሉ ይደማሉ። እንደ ቤቫሲዙማብ ያሉ መድኃኒቶች ዓይኑ ከደነዘዘ በኋላ በቀጭን መርፌ በነጩ የዓይን ክፍል በኩል ገብተው ፕሮቲኑን ያግዳሉ፤ ኃይላቸው ግን ከሳምንታት በኋላ ይደክማል። ሌዘር የሬቲናን ዳርቻ በጥቃቅን ነጥቦች ይተኩሳል፤ ውጤቱ ለዓመታት ይዘልቃል፣ የጎንና የምሽት እይታን ግን ሊቀንስ ይችላል። ሌዘሩ የማኩላን (የሬቲናን መሃል) እብጠትም ሊያባብስ ስለሚችል፣ እብጠት ሲኖር ሐኪሞች ብዙውን ጊዜ መርፌውን ያስቀድማሉ። መርፌንና ሌዘርን ማጣመር በተለይ ከሩቅ ለሚመጣና ቀጠሮ መጠበቅ ለሚከብደው ታካሚ ይበጃል፤ በመርፌ ብቻ ሲታከም ቆይቶ ያቋረጠ ሰው ዓይነ ስውር እስከ መሆን ሊደርስ ይችላልና። ስኳር ያለበት ሰው ሁሉ፣ ጥርት አድርጎ ቢያይም፣ በየዓመቱ ሬቲናውን ይመርመር።