የቤኒሻንጉል ወርቅ የክልሉ ነው የፌዴራሉ?

አሶሳ ላይ ጥብቅና ስሠራ ይህን ያልጠየቀኝ ደንበኛ ጥቂት ነው። ሰሞኑን ደግሞ «ክልሉ ሉዓላዊ ስለሆነ ፌዴራል መንግሥት በወርቁ አያገባውም» የሚል ጽሑፍ እየተዘዋወረ ነው። ስህተት ነው።

በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 8 የሉዓላዊ ሥልጣን ባለቤት የተባሉት ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች እንጂ የክልል መንግሥታት አይደሉም።

መሬትና የተፈጥሮ ሀብት ደግሞ በአንቀጽ 40 የመንግሥትና የሕዝብ ነው። ሕጉን የሚያወጣው ፌዴራሉ፣ በዚያ ሕግ መሠረት የሚያስተዳድረው ክልሉ ነው። መንጌ ወረዳ ወንዝ ዳር በገበቴ ወርቅ የሚያጥብ ሰው የባህላዊ አምራችነት ፈቃዱን ከክልሉ ያወጣል። እንደ ኩርሙክ ላለው ከፍተኛ ምርት ፈቃድ የሚሰጠው ግን የማዕድን ሚኒስቴር ነው። ከዚህ የሚገኘው የገቢ ግብርና የሮያሊቲ ክፍያ በአንቀጽ 98 የጋራ ነው፤ ክልሉ ድርሻውን ሲጠይቅ መብቱን እንጂ ችሮታ እየጠየቀ አይደለም።

ፌዴራሉም እንዳሻው አይሆንም። ለእሱ ተለይቶ ወይም ለሁለቱም በጋራ ያልተሰጠ ሥልጣን በአንቀጽ 52 የክልል ነው። በአንቀጽ 51 መሠረት መከላከያ ለጸጥታ የሚሰማራው ችግሩ ከክልሉ አቅም በላይ ሲሆንና ክልሉ ሲጠይቅ ነው። ክልሉ ራሱ ሕገ መንግሥታዊ ሥርዓቱን አደጋ ላይ ከጣለ ግን፣ በአንቀጽ 62 የፌዴሬሽን ምክር ቤት ጣልቃ መግባትን ያዛል።

ጥያቄ ያላችሁ ከታች ጻፉልኝ። የወርቅ ፈቃድ ውል ልትፈርሙ ያሰባችሁ፣ እባካችሁ መጀመሪያ ፈቃዱን የሰጠው ማን እንደሆነ አረጋግጡ።