ኮምፒውተር እንግሊዝኛ አይችልም፤ ታዲያ ኮድ ለምን በእንግሊዝኛ ሆነ?

«እንግሊዝኛዬ ደካማ ነው፣ ኮዲንግ መማር እችላለሁ?»

የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ስልጠና ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ይህ ጥያቄ በውስጥ መስመር ደጋግሞ ይደርሰናል። እኛም ድሮ ጠይቀነዋል። የጠየቅነው ሰው «ኮድ ማለት እኮ እንግሊዝኛ ነው» ብሎ ሸኘን፤ አምነን ሁለት ዓመት ሙሉ ተውነው። ያ መልስ ልክ አልነበረም።

ስልካችሁ ውስጥ ያለው ፕሮሰሰር የሚያውቀው 1 እና 0 ብቻ ነው። ኢፍ፣ ኤልስ፣ ፕሪንት የሚሉት ቃላት ለእሱ ምንም ትርጉም የላቸውም። መሀል ላይ ሌላ ፕሮግራም ተቀምጦ ነው እነሱን ወደ ማሽኑ ቁጥር የሚቀይራቸው። ቃሎቹ የተመረጡት ለሰው እንዲመቹ ነው፤ መራጮቹ ደግሞ በአብዛኛው እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ነበሩ።

ግሬስ ሆፐር ይህን ቀድማ አሳይታለች። አሜሪካዊት የሒሳብ ሊቅ ናት፤ በባህር ኃይልም አገልግላለች። በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሬሚንግተን ራንድ ውስጥ ስትሠራ፣ የቢሮ ሰዎች የሒሳብ ምልክት ስለማይወዱ ኮምፒውተር በተራ ቃላት ይታዘዝ ብላ ተከራከረች። ለአለቆቿ ስታሳይ ያንኑ ፕሮግራም በፈረንሳይኛና በጀርመንኛ ቃላትም አሠራችው። ለእሷ ቀላል ነገር ነበር፣ አንዱን ቃል በሌላ መተካት። አለቆቿ ግን ደነገጡ። አሜሪካ ውስጥ የተሠራ ኮምፒውተር እንዴት ፈረንሳይኛ ይገባዋል? በኋላ ራሷ እንደተረከችው፣ በእንግሊዝኛ ብቻ እንሠራለን ብላ ነው ያረጋጋቻቸው። የእሷ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1959 ለተወጠነው ኮቦል መሠረት ሆነ፤ ኮቦል ዛሬም ትልልቅ ባንኮች ውስጥ እየሠራ ነው።

ታዲያ በአማርኛ ብንጽፈውስ? በከፊል ይቻላል። ፓይተን 3 ለምትፈጥሯቸው ስሞች የግዕዝ ፊደል ይቀበላል። ዋጋ = 250፣ ብዛት = 3 ብላችሁ «ዋጋ * ብዛት» ብትሉት 750 ይላችኋል። እኛም ደስ ብሎን አንድ ቀን የአየር ሁኔታ ፕሮግራም ጀመርን። ላይ «ፀሐይ» ብለን ሰየምን፣ ታች «ጸሀይ» ብለን ጠራን። ኮምፒውተሩ እንዲህ የሚባል ስም አላውቅም አለ። ለእኛ ሁለቱም ያቺው ፀሐይ ናት፤ ለማሽኑ ግን ፀ እና ጸ፣ ሐ እና ሀ የተለያየ ቁጥር ያላቸው የተለያዩ ፊደላት ናቸው። ስህተቱን ፍለጋ ስንት ሰዓት እንደፈጀን አንነግራችሁም።

የሰው ቋንቋና የኮድ ትልቁ ልዩነት ያለው እዚህ ላይ ነው። ሰው ሲያወራ የጎደለውን አድማጩ ይሞላል። «ከመጣ ንገሩኝ» ስንል «ከ» ሁኔታ ነው፤ «ከመጣ ሳምንት ሆነው» ስንል ግን ጊዜ ነው። ማንም ግራ አይጋባም። በዚያ ላይ አማርኛ ሁለት ዓይነት «ኢፍ» አለው። «ከመጣ እነግረዋለሁ» ሲባል ሰውዬው ሊመጣ ይችላል፣ «ቢመጣ እነግረው ነበር» ሲባል ግን አልመጣም፣ ነገሩ አልፏል። የኮዱ ኢፍ ይህን አያውቅም፤ የሚጠይቀው እውነት ነው ወይስ ሐሰት ብቻ ነው። ቁጭት የሚባል ነገር የለውም።

የቃል ቅደም ተከተሉም ያስቸግራል የሚሉ አሉ። እኛ «ቡና አምጣ» እንላለን፣ ግሱ መጨረሻ ላይ ነው። ፓይተን ግን «አምጣ ቡና» ዓይነት ነው፣ ትዕዛዙ ይቀድማል። ይሄ ግን የማሽን ሕግ አይደለም። ቻርልስ ሙር እ.ኤ.አ. በ1970 አካባቢ የፈጠረው ፎርዝ የሚባል ቋንቋ አለ፤ እዚያ ሁለትና ሦስትን ለመደመር የሚጻፈው «2 3 +» ነው። ሁለትን ሦስትን ደምር! መጀመሪያ ዕቃው ይቀመጣል፣ ከዚያ ምን እንደሚደረግ ይነገራል፣ ልክ እንደ አማርኛ። እ.ኤ.አ. በ1972 የወጣው የኤችፒ የኪስ ካልኩሌተርም በዚሁ ቅደም ተከተል ነበር የሚሠራው። ጃፓኖች ደግሞ እንደ እኛ ግሳቸው መጨረሻ ላይ ስለሆነ፣ በ1980ዎቹ ማይንድ የተባለ በጃፓንኛ የሚጻፍ ቋንቋ ሲሠሩ የተነሱት ከፎርዝ ሐሳብ ነው።

ኮድ አስተሳሰብን ይቀይራል ወይ? በትንሹ ይቀይራል። ጂ ፕላስ 4 ሕንፃ ስንት ወለል አለው? 5፣ ምክንያቱም ቆጠራው ከምድር ቤት ነው የሚጀምረው። ፓይተንም ዝርዝር ሲቆጥር ከ0 ይጀምራል፤ ከለመዳችሁት በኋላ ሌላውንም ነገር እንደዚያ ትቆጥራላችሁ። ከዚህ ጠለቅ ያለም አለ። የ30 ቀን የታክሲ ወጪ ደምሩ ብትባሉ፣ በሲ ቋንቋ «ከዜሮ ጀምር፣ የመጀመሪያውን አንሳ፣ ጨምር፣ ቀጣዩን አንሳ…» እያላችሁ ትጽፋላችሁ። በኤፒኤል ግን የመደመር ምልክትና አንድ ያዘነበለ መስመር በቂ ናቸው፤ ዝርዝሩ በአንዴ ይደመራል። ኤፒኤልን የለመደ ሰው አንድ በአንድ ማንሳት ትዝም አይለውም። የቋንቋው ፈጣሪ ኬኔት አይቨርሰን እ.ኤ.አ. በ1979 የቱሪንግ ሽልማት ሲቀበል የተናገረው ስለዚሁ ነበር፣ የምንጽፍበት ምልክት የማሰቢያ መሣሪያችን ስለመሆኑ። ኤድስገር ዳይክስትራ ደግሞ ከዚያ 4 ዓመት ቀደም ብሎ፣ በቤዚክ የጀመረ ተማሪን ጥሩ ፕሮግራመር ማድረግ አይቻልም እስከማለት ደርሶ ነበር። ይሄኛው ለእኛ ማጋነን ነው።

ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስ። እ.ኤ.አ. በ2020 ሁለት ጥናቶች ወጡ። የኤምአይቲ ተመራማሪዎች ሰዎች ኮድ ሲያነቡ አንጎላቸውን በምስል ተከታተሉ፤ በዋናነት የሠራው ቋንቋ የምንረዳበት ክፍል ሳይሆን ከባድ እንቆቅልሽ ስንፈታ የሚነቃው ነው። የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲው ጥናት ግን በሌላ በኩል መጣ። ፓይተንን ማን ቶሎ እንደሚማር ለመገመት፣ ከሒሳብ ችሎታ ይልቅ አዲስ ቋንቋ የመልመድ ችሎታ የተሻለ ጠቋሚ ሆኖ ተገኘ። ኦሮምኛና አማርኛ እየቀያየረ ያደገ ልጅ እዚህ ላይ ሳይጠቀም አይቀርም እንላለን። ጥናቱ ይህን አላለም፣ የእኛ ግምት ነው።

እንግሊዝኛ አያስፈልግም እያልን አይደለም። የስህተት መልእክቱም ማብራሪያውም በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ነው፤ ከፍ እያላችሁ ስትሄዱ የግድ ታነቡታላችሁ። ለመጀመር ግን የፓይተን ቁልፍ ቃላት 35 ብቻ ናቸው። እኛ ደብተር ላይ ዘርዝረን፣ ጎናቸው የአማርኛ ፍቺ ጽፈን ነው የጀመርነው። «ዋይል» ጎን «እስከሆነ ድረስ» ይላል። «ኢፍ» ጎን ግን እስካሁን ሁለት ነገር ነው ያለው፣ «ከ» እና «ቢ»።