ለወጥ ቤት ቁም ሣጥን የሚሆነውን እንጨት ስለ መምረጥ

ቤት የሚከበረው በእልፍኙ ብቻ ነው ብሎ የሚያስብ ሰው ብዙ ነው። ስለዚህ ቤት ሲሠራ ወይም ሲታደስ የእንግዳ መቀበያው ወንበርና ምንጣፍ በብዙ ምክር ይመረጣል፤ የወጥ ቤቱ ዕቃ ግን ገንዘቡ ካለቀ በኋላ በችኰላ ይታዘዛል። ነገር ግን የቤተ ሰቡ ጤናና የእመቤቲቱ ድካም የሚታወቀው በወጥ ቤቱ ነውና፥ ዛሬ ለወጥ ቤት ቁም ሣጥን የሚሆነው የተፈጥሮ እንጨት እንዴት እንደሚመረጥ ለክቡራን አንባቢዎቻችን ጥቂት ቃል ለማቅረብ አሰብን።

ወደዚህ አሳብ ያደረሰን በአንድ ወዳጃችን ቤት ያየነው ነገር ነው። ይህ ወዳጃችን ብዙ ገንዘብ አውጥቶ በኅዳር ወር ከዋንዛ እንጨት የወጥ ቤት ቁም ሣጥን አሠራ። መዝጊያዎቹ በገቡ ጊዜ መልካቸው ያየውን ሁሉ ደስ የሚያሰኝ ነበረ። ጥር ሳያልቅ ግን ሳንቃዎቹ ከላይ እስከ ታች ተሰነጠቁ። አናጢ ተጠርቶ ስንጥቁንና ክፍተቱን በቀጭን እንጨት ሞላው፤ ክረምት በገባ ጊዜ ደግሞ ያ የተሞላው መዝጊያ አብጦ፥ እመቤቲቱ በርበሬ ለማውጣት ሰው መጥራት የሚያስፈልጋት ሆነ። ባለቤቱም ዋንዛውን ረገመ። እኛ ግን ነገሩን ከአንድ ሽማግሌ አናጢ ጋራ በመረመርነው ጊዜ ጥፋቱ የዋንዛው እንዳልሆነ ተረዳን። የተሠራው ስሕተት ሁለት ነበረ፤ ይኸውም እንጨቱ ሳይደርቅ መሠራቱና፥ ሳንቃው እንዳይንቀሳቀስ ዙሪያውን በኮላ መጣበቁ ነው።

እንጨት ከተቈረጠ በኋላም ከአየሩ እርጥበትን መቀበሉንና መመለሱን አይተውም። በርዝመቱ የሚለዋወጠው ከቍጥር የማይገባ ነው፤ በስፋቱ ግን በክረምት ያብጣል፥ በበጋ ይኰማተራል። 30 ሳንቲሜትር ስፋት ያለው ሳንቃ ከክረምት እስከ በጋ 3 ሚሊሜትር ያህል ቢሰፋና ቢጠብ የሚያስደንቅ አይደለም። የእንጀራ ምጣድ እንፋሎትና የድስት ላብ በየዕለቱ ሲጨመርበት ለውጡ የበለጠ ይሆናል። ስለዚህ ብልኅ አናጢ መዝጊያውን ከአንድ ሰፊ ሳንቃ አይሠራም፤ አራት ማዕዘን ክፈፍ ያበጅና፥ በክፈፉ ውስጥ ቦይ አውጥቶ፥ መካከለኛውን ሳንቃ ያለ ኮላ በቦዩ ውስጥ ያስገባዋል። ሳንቃው በቦዩ ውስጥ እንደ ልቡ ሲሰፋና ሲጠብ የመዝጊያው መጠን እምብዛም አይለወጥም።

ስለ መድረቁም ቀድሞ ማሰብ ይገባል። በነፋስ የሚደርቅ ጣውላ ውፍረቱ 2 ሳንቲሜትር ተኩል ከሆነ አንድ ዓመት ያህል በጥላ ሥር፥ በመካከሉ ነፋስ እንዲያልፍ ተደርጎ መደርደር አለበት የሚለው የአናጢዎች ልማድ መልካም መመሪያ ነው። በምድጃ ሙቀት የደረቀ ቢገኝ ይህ ጊዜ ወደ ጥቂት ሳምንት ያጥራል። በዛሬው ጊዜ የእንጨትን እርጥበት የሚለካ ትንሽ መሣሪያ ስላለ፥ እርጥበቱ ከመቶ ከ10 እስከ 12 ያህል መሆኑን አስለክቶ መግዛት ከብዙ ክርክር ያድናል።

አሁን ወደ እንጨቶቹ ዓይነት እንመለስ። ዋንዛ ከጥንት ጀምሮ ለበርና ለመስኮት፥ ለሙቀጫና ለከበሮ የተመረጠ ነው፤ ለመላጊያ ይታዘዛል፥ ሲወለወልም ያምራል፥ በሚገባም ከደረቀ ቅርጹን ይጠብቃል። ለሚታየው መዝጊያ ከእርሱ የሚሻል በአገራችን ጥቂት ነው። ዝግባ ነጣ ያለ፥ ለሥራ የቀለለ እንጨት ነው፤ ምስጥና ነቀዝ ግን ቶሎ ስለሚደፍሩት ከመሬት ርቆ ለውስጥ መደርደሪያ ወይም ለሚቀባ ዕቃ ይሁን። የሐበሻ ጽድ ምስጥን በመቋቋም የታወቀ ነው፤ ይሁን እንጂ ሽታው ብርቱ ስለ ሆነ ዱቄትና ቅቤ ለሚቀመጥበት ሣጥን አይስማማም፤ ለልብስ ሣጥን ይተው። ኮሶ ቀላ ያለ መልኩ ያማረ ነው፤ እርሱም ከነቀዝ መጠበቅ ያሻዋል። በምዕራብና በደቡብ ምዕራብ ደን የሚበቅለው ቀረሮም ለዕቃ ሥራ የተመሰገነ ነው። ባሕር ዛፍ ጠንካራ ቢሆንም ሲደርቅ የመጣመምና የመሰንጠቅ ጠባይ ስላለው ለመዝጊያ አንመክረውም።

በዚህ ስፍራ አንድ ከባድ ነገር ሳንናገር ማለፍ አይገባንም። ዋንዛ፥ ዝግባ፥ ኮሶና የሐበሻ ጽድ በደናችን ውስጥ እየጠፉ የሄዱ ዛፎች ናቸው። ስለ ደን የወጣው አዋጅ ቍጥር 94/1986 እነዚህን አራቱን ከመንግሥት ደን መቍረጥን ከልክሎ ነበረ፤ የደን ሕግም በ1999 እና በ2010 ዓ.ም. እንደ ገና ወጥቷል። እንግዲህ ሻጩ እንጨቱ ከየት እንደ መጣ የሚያስረዳ ፈቃድ ማሳየት ካልቻለ፥ ዋጋው የቱንም ያህል ቢረክስ አለመግዛት የጨዋ ሰው ሥራ ነው። አባት በአንድ ቀን የሚያስቈርጠውን ዛፍ ልጁ ጐልምሶ እንኳ ተተክቶ አያገኘውምና።

ታዲያ ምን ይደረግ የሚል አንባቢ ቢኖር ሦስት መንገድ እናመለክታለን። አንደኛው፥ የፈረሰ ቤት በርና አሮጌ ዕቃ ነው፤ ብዙ ዓመት የደረቀ ዋንዛ ምስማሩ ተነቅሎ ቢላግ ከአዲሱ ይልቅ የታመነ ይሆናል። ሁለተኛው፥ ተተክለው የሚያድጉትን የፈረንጅ ጽድንና ግራቪሊያን መምረጥ ነው፤ የግራቪሊያ ገጽ በልዩ ልዩ ነጥብ የተጌጠ ስለ ሆነ ለመዝጊያ ያምራል። ሦስተኛው፥ ውዱን እንጨት ለሚታየው ፊት ብቻ ማድረግና ውስጡን በኮምፔንሳቶ መሥራት ነው። ይህ ንፍገት አይደለም፥ ብልኅነት ነው እንጂ። ከእንጨት ፍቅፋቂ በኮላ ተጨምቆ የሚሠራው ቺፕውድ ግን ጠርዙ በደንብ ካልተሸፈነ ውሃ በነካው ጊዜ ያብጣል፥ ወደ ቀድሞ መልኩም አይመለስም፤ ስለዚህ ከዕቃ ማጠቢያው ገንዳ ሥር ባይገባ ይሻላል።

ገዢው እንዳይታለል ደግሞ ጥቂት ምልክት እንስጥ። ርካሽ እንጨት ጥቍር ቀለም ጠጥቶ ዋንዛ ነኝ ሊል ይችላል፤ ያልተቀባውን የጀርባውን ገጽ ማየት እውነቱን ያወጣል። የፊቱ መስመር በጣውላው ጫፍ በኩል ዞሮ ካልቀጠለ በላዩ የተለጠፈ ስስ ልባስ ነው። ከአንድ ዓይነት እንጨት ሁለት እኩል ጣውላ አንሥቶ መመዘንም ይረዳል፤ እጅግ የሚከብደው ገና ውሃ ያዘለ ሊሆን ይችላል። ጣውላውን እንደ ጠመንጃ ወደ ዓይን አቅርቦ በጠርዙ ላይ ማየት መጣመሙን ያሳያል።

ቁም ሣጥኑ ከተሠራ በኋላ ስፍራውም ይታሰብበት። ወለል በውሃ ሲታጠብ እንዳይርስ 10 ሳንቲሜትር ያህል በእግር ይቁም፤ ከምጣዱና ከምድጃው ይራቅ፤ ከግድግዳውም ትንሽ ተለይቶ ነፋስ ይግባበት። ለቅብ የተልባ ዘይት የእንጨቱን መልክ ያጐላል፤ በስሱ እየተቀባ፥ እያንዳንዱ ቅብ ደርቆ፥ ሁለትና ሦስት ጊዜ መደገም አለበት። የንብ ሰም ያማረ ወዝ ይሰጣል፥ ነገር ግን ብቻውን የፈላ ውሃንና የትኵስ ድስትን ሙቀት አይችልም፤ በገንዳው አጠገብ ቫርኒሽ ይመረጣል። አንድ ነገር ግን ሠራተኞች ሁሉ ይወቁ፤ የተልባ ዘይት የጠጣ ጨርቅ ተጠቅልሎ ቢጣል እሳት ሳይነካው በራሱ ግሎ ሊነድ ይችላል። ስለዚህ በደጅ ተዘርግቶ ይድረቅ ወይም በውሃ ይነከር። ይህን ባለማወቅ ቤት ሊቃጠል ይችላልና።

ከሁሉ በፊት ደግሞ ከትእዛዙ አስቀድሞ በወጥ ቤቱ የምትሠራዋ ትጠየቅ። መደርደሪያው እጇ የሚደርስበት መሆኑን፥ የጤፉ ዕቃና ትልቁ ድስት የሚገቡበትን ከፍታ ከእርስዋ በቀር ማን ያውቃል? የወዳጃችን ባለቤት አስቀድማ ብትጠየቅ ኖሮ፥ ከምጣዱ አጠገብ መዝጊያ እንዳይቆም በተናገረች ነበረ።

ያ ወዳጃችን አሁን ምክሩን ተቀብሏል። መዝጊያዎቹን አስፈትቶ፥ የደረቀውን ሳንቃ አስልጎ፥ ያለ ኮላ በክፈፍ ውስጥ አስገብቷቸዋል፤ ከዚያ ወዲህ አንድ ክረምት አልፎ አንዱም አልተጣበቀም። በግቢውም ሁለት የዋንዛ ችግኝ ተክሏል። ዋንዛ ነጭ አበባው ለንብ ቀለብ፥ ፍሬው ለልጆች ጣፋጭ፥ ጥላው ለቡና መልካም ነው። አንባቢዎቻችንም ቁም ሣጥን ባሠሩ ጊዜ እንዲሁ ቢያደርጉ፥ ለልጆቻቸው ከመዝጊያው ጋራ ዛፉንም ያወርሳሉ።