የግብጦ ምሬት ወዴት ይሄዳል?

በጎጃም ጠላ ቤቶች እንደ ቆሎ የሚቀርበውን ግብጦ ጥሬውን የቀመሰ ሰው ምሬቱን ቶሎ አይረሳውም። ከክብደቱ ከሲሶ የማያንሰው ፕሮቲን የሆነ ጥራጥሬ ስለ ምን እንዲህ ይመራል? ምክንያቱ ሉፓኒንን የመሰሉ አልካሎይዶች ናቸው። ተክሉ ራሱን ከተባይና ከእንስሳት የሚከላከልባቸው መርዞች ሲሆኑ፣ በብዛት ወደ ሰውነታችን ሲገቡ አፍን ያደርቃሉ፣ እይታን ያደበዝዛሉ፣ የልብ ምትን ያዛባሉ።

የጎጃም እናቶች ፍሬውን አስቀድመው ይቆሉታል፤ ቀጥሎም በወራጅ ወንዝ ውስጥ ወይም ውኃውን እየለወጡ ለቀናት ይዘፈዝፉታል። ብዙዎቻችን መርዙን ያጠፋው እሳቱ ይመስለናል። አይደለም። አልካሎይዶቹ ሙቀትን ይቋቋማሉ፤ የእሳቱ ሥራ የፍሬውን ሕዋሳት ገድሎ ሽፋናቸውን ማላላት ነው። መርዙን ሟሙቶ እንዲወጣ የሚያደርገው ውኃው ነው። ስለዚህ የዝፍዘፋውን ቀን ማሳጠር አደገኛ ነው፤ የተዘፈዘፈበትን ውኃ ለከብት ማጠጣትም እንዲሁ። (በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀርመናዊው ራይንሆልድ ፎን ዜንግቡሽ አልካሎይዳቸው እጅግ ያነሰ የሉፒን ተክሎችን ለይቶ አግኝቷል፤ የእኛው ግብጦ ግን ዛሬም መራራ ነው።)

በጋሞ ያለነውን ይበልጥ የሚስበን ሥሩ ነው። በጨንቻ ደጋ እንዳለው ባለ አሲዳማ አፈር ፎስፈረስ ከብረትና ከአሉሚኒየም ጋር ስለሚጣበቅ ገብሱ እንደ ልቡ አያገኘውም። የግብጦ ብሩሽ መሰል ሥሮች ግን ሲትሪክ አሲድ እያመነጩ ያላቅቁታል። ግብጦ ወደዚህ ደጋ ቢመጣ ግን ዘሩ ብቻውን አይበቃም፤ ወራጅ ውኃና ዝፍዘፋውን የሚያውቅ እጅ ያሻዋል።